ከሐይቅ በራቀው የእነዋሪ ደጋ ዓሣና አትክልት በፎይል ጠቅልሎ መጋገር

ጅሩ ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰንጋው ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን የሞረትና ጅሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በእነዋሪና በአካባቢዋ ደልቦ ለገበያ የሚቀርበው በሬ በበዓላት ዋዜማ በአዲስ አበባ የከብት ገበያዎች ስሙ ሲጠራ የኖረ ነው። ወረዳው በጥቁር መረሬ አፈሩ፣ በነጭ ጤፉ፣ በስንዴውና በምስሩም ይታወቃል። የአካባቢው አርሶ አደር በመረሬው ላይ የሚተኛውን ትርፍ ውሃ ለማንጣፈፍ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጁ የሚያወጣበት ነባር ዘዴ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ የግብርና ተመራማሪዎችን ትኩረት እስከ መሳብ ደርሷል። ዓሣ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ሲነሳ አይሰማም።

ይሁን እንጂ ሰንጋው ከማዕድ የሚርቅባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን በዓመት 180 ያህል ቀናት እንደሚጾሙ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ የዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀናት ይይዛል። በጾም ወቅት ዓሣ መመገብን በተመለከተ የምዕመናን ልማድ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓሣ የሚመገቡ እንዳሉ ሁሉ ከሥጋና ከወተት እኩል አድርገው የሚከለከሉም አሉ። ጉዳዩ የእምነትና የንስሐ አባት ምክር እንጂ የወጥ ቤት ስላልሆነ እዚህ አይዳሰስም። ዓሣ ለሚመገበው ቤተሰብ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከሐይቅ ርቆ በሚገኝ ደጋ፣ ብዙ ዘይት ሳይፈስ፣ ቤቱን ሽታ ሳይሞላው፣ ከሥራ መልስ ባለው አጭር ጊዜ ዓሣን እንዴት ጥሩ አድርጎ ማብሰል ይቻላል?

በአሁኑ ወቅት በከተሞች ኑሮ እየታወቀ ከመጣው መልስ አንዱ ዓሣንና አትክልትን በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሎ መጋገር ነው። በምግብ ዝግጅት መጻሕፍትና በቴሌቪዥን ፕሮግራሞች በብዛት የሚታየው ዓይነት ሳልመን የተባለውን ዓሣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሶያ ሶስና ከሰሊጥ ጋር አዋሕዶ በእስያ ጣዕም የሚዘጋጀው ነው። ዘዴው ቀላል ቢመስልም እንደ ተጻፈ ተወስዶ በእነዋሪ ወጥ ቤት ሲሞከር ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል። የሚሰናከለውም በባለሙያዋ ጉድለት ሳይሆን በዓሣው ዓይነት፣ በከፍታውና በፎይሉ ጠባይ ምክንያት ነው።

ምግብን ጠቅልሎ የማብሰል ሐሳብ ለኢትዮጵያ ወጥ ቤት እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው ኮባ ተነጥፎለትና ኮባ ለብሶ ነው። ቅጠሉ ሊጡን ከምጣዱ ቀጥተኛ ትኩሳት ይከላከልለታል፤ ከሊጡ የሚወጣውን እርጥበትም መልሶ ለሊጡ ይሰጠዋል፤ መዓዛም ይጨምርለታል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ዓሣን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ መጥበስ የቆየ ልማድ ነው። ጃፓናውያን ደግሞ ሳልመንን ከእንጉዳይና ከሽንኩርት ጋር በፎይል ጠቅልለው ይጋግራሉ። ቻይናውያን ዓሣን በእንፋሎት አብስለው ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠልና ሶያ ሶስ ያፈሱበታል። የአልሙኒየም ፎይል ራሱ እ.ኤ.አ በ1910 በስዊዘርላንድ መመረት የጀመረ በመሆኑ ከቅጠሉ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ዕቃ ነው። ኮባውም ሆነ ፎይሉ የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው። ዓሣውና አትክልቱ በራሳቸው ውሃ እንዲበስሉ ያደርጋሉ።

በመጀመሪያ የዓሣው ነገር ይታይ። ሳልመን በኢትዮጵያ ውሃዎች ውስጥ የለም። በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች የሚገኘው ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ ዋጋውም ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። ለሳልመን የቅርብ ዘመድ የሆነው ትራውት እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ቢለቀቅም ከዚያ አካባቢ አልፎ የገበያ ዓሣ አልሆነም። በአገር ውስጥ ገበያ በብዛት የሚገኘው ከጣና፣ ከሐይቅ፣ ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከመሳሰሉት ሐይቆች የሚወጣው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ከእነዚህ መካከል በፎይል ለመጋገር ይበልጥ የሚስማማው ቆሮሶ ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ሽታው ቀላል ነው፤ አጥንቱም ተለቅሞ ለገበያ ይቀርባል። አምባዛ ስብ ያለውና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው በመሆኑ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን መጨመር ይጠይቃል።

በሳልመንና በቆሮሶ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ስብ ነው። ሳልመን በሥጋው መካከል የተሰራጨ ስብ ስላለው ትንሽ ቢቆይም አይደርቅም። በ100 ግራም የእርባታ ሳልመን ውስጥ ኦሜጋ 3 የተባለው ለልብና ለአንጎል ጠቃሚ የሆነ የስብ ዓይነት ወደ 2 ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ በቆሮሶ ውስጥ ያለው ከዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሳልመን ጥቅም የሚነገረውን ሁሉ ወደ ቆሮሶ ማዛወር ትክክል አይሆንም። ቆሮሶ የሚሰጠው ሌላ ነው። በ100 ግራም ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለው፤ ከዚህም ጋር ቫይታሚን ቢ12 ይገኝበታል። ይህ ቫይታሚን በጤፍም ሆነ በምስር፣ በሽሮም ሆነ በጎመን ውስጥ የለም። ከእንስሳት ተዋጽኦ ለረዥም ጊዜ የሚታቀብ ሰው የሚጎድለው ንጥረ ነገር ዋነኛው ይኸው ነው። 100 ግራም ቆሮሶ ለአንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው ከግማሽ በላይ የሆነውን ይሸፍናል።

ይህን የሚያጎላው ዓሣ በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ያለው ስፍራ ነው። በዓለም ደረጃ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 20 ኪሎ ግራም ያህል የዓሣና የውሃ እንስሳት ምግብ እንደሚመገብ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መረጃ ያመለክታል። የኢትዮጵያዊው ድርሻ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው እንደሚያንስ አሳይቷል። የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ማነስ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ሕፃናት በጾም ሕግ የማይገደዱ ሆነው ሳለ በጾም ወቅት በቤት ውስጥ የጾም ምግብ ብቻ ስለሚዘጋጅ አብረው የሚጾሙባቸው ቤቶች አሉ። ለእናቱና ለአባቱ ከተዘጋጀው አንድ ጥቅል ዓሣ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ ለሕፃኑ ቢደርሰው የሚለወጠው ነገር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገዱ ነው። እነዋሪ የተቀመጠችበት አምባ በጀማ ወንዝና በገባሮቹ ጥልቅ ሸለቆዎች የተከበበ ነው። ጀማ የዓባይ ገባር ሲሆን፣ በዓባይ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ነጭ ዓሣና አምባዛ ይገኛሉ። ከሸለቆው ወደ ደጋው የሚወጣ ዓሣ ቢኖር በምን እንደተያዘ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአገሪቱ አንዳንድ አካባቢዎች ዓሣን በብርብራ ፍሬና በመሳሰሉት መርዛማ ዕፅዋት አደንዝዞ መያዝ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በ1995 ዓ.ም የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ዓሣ ማስገርን ከልክሏል። በመርዝ የተያዘ ዓሣ ትንሹንም ትልቁንም አብሮ የሚያጠፋ በመሆኑ የከርሞውን ምርት ያሳጣል።

ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ ደግሞ ረዥም መንገድ ያቋርጣል። ዓሣ ከሥጋ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል። በበረዶ ተሸፍኖ ከመጣ ለቀናት ይቆያል፤ ያለ በረዶ ከመጣ ግን ሰዓታትም ይበዙበታል። የደጋው ቅዝቃዜ ጥሩ ረዳት ቢሆንም የበረዶን ሥራ አይተካም፤ ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢበርድ ቀን ላይ የሚወጣው ፀሐይ ያስቀመጡትን ያበላሻል። ሙሉ ዓሣ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ መሆኑን ያያል። አጥንቱ ወጥቶ በተቆረጠ ዓሣ ላይ ዓይንም ስንጥብም ስለሌለ የሚቀረው አፍንጫና ጣት ነው። የሚያዝለገልግና የኮመጠጠ ወይም የአሞኒያ ሽታ ያለውን መተው ነው። በሎሚ ማጠብ ሽታውን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ የተበላሸውን አያድነውም። በዚህ ረገድ በየቤቱ የሚታየው ሎሚ ላይ የመተማመን ልማድ ሊታረም ይገባዋል። በረዶ ሆኖ የተገዛ ዓሣ ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል እንጂ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ውሎ አያድርም። አንዴ ከሟሟም ተመልሶ በረዶ አይደረግም።

ከሁሉ ይልቅ በመጻሕፍቱ ላይ የማይገኘውና የእነዋሪን ባለሙያ ግራ የሚያጋባው የከፍታ ነገር ነው። የምግብ አሠራር መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለባህር ጠለል ቅርብ ለሆኑ አገሮች ነው። በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ዝቅ ባለ ትኩሳት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል ተብሎ ይሰላል። ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ደጋዎች ውሃ የሚፈላው በ91 እና በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እነዋሪም ከእነዚህ መካከል ናት። ሽምብራና ባቄላ በደጋ ለምን እንደሚዘገይ፣ ድንች ለምን ልቡ እንደሚቀር የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ፎይሉ ውስጥ ያለው ምግብ በምድጃው ትኩሳት በቀጥታ የሚበስል ይመስላል። ምድጃው 200 ዲግሪ ቢሆንም በጥቅሉ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ የምግቡ ትኩሳት ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም። ፎይሉ እንደ ግፊት ድስት አጥብቆ የሚዘጋ ባለመሆኑ እንፋሎቱ በየእጥፋቱ እያመለጠ ግፊቱ ከውጭው አየር ጋር እኩል ይሆናል። በመሆኑም በእነዋሪ የሚጋገር ጥቅል ውስጡ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ለዓሣው ይህ ከበቂ በላይ ነው። የዓሣ ሥጋ መርጋት የሚጀምረው ከ50 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ ለጤና አስተማማኝ ሆኖ በስሏል የሚባለው መካከሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ለካሮትና ለድንች ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአትክልት ሕዋስ ተያይዞ የቆመበት ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚለሰልሰው በከፍተኛ ትኩሳት ስለሆነ፣ ከ100 ወደ 91 መውረዱ ጊዜውን በእጅጉ ያራዝመዋል።

ውጤቱ የታወቀ ነው። መጽሐፉ ዓሣውንና ወፍራም የካሮት ቁራጭ አብራችሁ ለ20 ደቂቃ ጋግሩ ሲል ያዘዘውን የተከተለ ሰው ፎይሉን ሲከፍት ዓሣው በስሎ ካሮቱ ጥሬ ሆኖ ያገኘዋል። ካሮቱ እስኪበስል ልጠብቅ ያለ ደግሞ ዓሣውን ያደርቀዋል፤ ስብ የሌለው ቆሮሶ ከሆነማ እንደ ቡሽ ይሆናል። ምድጃውን ማጋል መፍትሔ አይሆንም፤ የእንፋሎቱን ትኩሳት ከፍ አያደርገውምና። መፍትሔው በቢላዋ ነው። ካሮት እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይከተፋል፤ ፎሶሊያ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ጥቅል ጎመን በስሱ ይቆረጣል። ድንች የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ግማሽ ቅቅል ያደርገዋል። ዝኩኒ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በፍጥነት ስለሚለሰልሱ ችግር የለባቸውም።

ሦስተኛው ፎይሉ ራሱ ነው። አልሙኒየም ከአሲድና ከጨው ጋር በትኩሳት ሲገናኝ በጥቂቱ እየሟሟ ወደ ምግቡ ይገባል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2008 አንድ ሰው በሳምንት ከምግብ ሊያገኝ የሚችለው የአልሙኒየም መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ1 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ወስኗል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2011 መጠኑን 2 ሚሊ ግራም አድርጎታል። በዝቅተኛው ስሌት 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በሳምንት 60 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋም ኮምጣጣና ጨዋማ ምግቦች በፎይል ተጠቅልለው እንዳይቀመጡና እንዳይበስሉ ይመክራል። አንድ ቀን በፎይል የተጋገረ ዓሣ መብላት የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ የእስያው አሠራር ሎሚንም፣ ጨዋማውን ሶያ ሶስም፣ አንዳንዴም ኮምጣጤን በአንድ ላይ ስለሚያፈስ ፎይሉን ለመብላት የተዘጋጀ ያህል ነው።

ለዚህ የሚሆነው ጥንቃቄ ከኮባው ይገኛል። በፎይሉ ላይ አስቀድሞ ታጥቦና በእሳት ገረፍ ተደርጎ የለሰለሰ የኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፤ ዓሣውም በቅጠሉ ይጠቀለላል። ፎይሉ ከውጭ ቅጠሉን ይዞ እንፋሎቱን የሚያግድ ልብስ ብቻ ይሆናል። ቅጠል ካልተገኘ የመጋገሪያ ወረቀት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሎሚው ደግሞ ጥቅሉ ከተከፈተ በኋላ ይጨመቅበታል፤ ጣዕሙም ያን ጊዜ ይበልጥ ትኩስ ሆኖ ይሰማል። በየወጥ ቤቱ ፎይሉ በሚያብለጨልጨው ፊቱ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ የሚለው ክርክር ግን ጊዜ ማጥፋት ነው። ልዩነቱ በፋብሪካ ሲዳመጥ የተፈጠረ ሲሆን በመብሰሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

የእስያ የተባለው ቅመም በአብዛኛው የአገር ውስጥ ምርት መሆኑ ሥራውን ያቀለዋል። ሰሊጥ ከሁመራና ከመተማ ቆላዎች ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚላክ ዋነኛ ምርት ነው። ዝንጅብል በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሚመረት ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም ገደማ የተከሰተው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ክፉኛ ቢጎዳውም ከገበያ አልጠፋም። ነጭ ሽንኩርት የደጋው ነው። ከውጭ የሚገባው ሶያ ሶስ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። እርሱም ከአኩሪ አተር፣ በብዛትም ከስንዴ ጋር፣ በጨው ተብላልቶ የሚሠራ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ2 ሺህ ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ስለሚመክር፣ ሶያ ሶስ በገባበት ጥቅል ላይ ሌላ ጨው መነስነስ አያስፈልግም። ደም ግፊት ያለበት ሰው መጠኑን ቢቀንሰው ይመረጣል።

ለአራት ሰው የሚሆነው ዝግጅት እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ 150 ግራም ያህል የሆነ አራት ቁራጭ አጥንት የወጣለት ቆሮሶ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። በውሃ የራሰ ዓሣ ቅመሙን አይቀበልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ አራት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይደባለቃሉ። ለሳልመን ዘይት አስፈላጊ አልነበረም፤ ለቆሮሶ ግን የጎደለውን ስብ የሚተካለት ይህ ነው። ዓሣው በዚህ ተለውሶ ለ15 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ሶያ ሶስ ያላገኘ ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ከጥቂት ጥቁር አዝሙድና ከተፈጨ ቃሪያ ጋር ሊጠቀም ይችላል። ጣዕሙ እስያ መሆኑ ይቀራል፤ ምግብነቱ ግን አይጎድልም።

በቅጠሉ ላይ በመጀመሪያ የሚደረደረው አትክልቱ ነው። ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ከታች ይነጠፋሉ፤ ካሮቱና ፎሶሊያው ይከተላሉ፤ ዓሣው ከላይ ይቀመጣል፤ የተረፈው ቅመም ይፈስበታል። ይህ ቅደም ተከተል ለውበት አይደለም። በብዙ ቤቶች ያለው የመጋገሪያ ምድጃ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ወይም የማገዶ ምጣድ ስለሆነ ትኩሳቱ የሚመጣው ከታች ነው። አትክልቱ ለዓሣው እንደ ፍራሽ ሆኖ ትኩሳቱን ይቀበልለታል፤ በዚያውም ለመብሰል የሚፈልገውን ተጨማሪ ትኩሳት ያገኛል። ቅጠሉ ይታጠፋል፤ ፎይሉም በላዩ ላይ ለእንፋሎቱ ጥቂት ባዶ ቦታ ትቶ ጠርዙ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠፋል። ስስ ፎይል ከሆነ ድርብ መሆን አለበት።

በመጋገሪያ ምድጃ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ 200 ዲግሪ አግሎ ጥቅሉን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆየዋል። በምጣድ ከሆነ በአክንባሎ ተከድኖ እስከ 25 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ከእንጀራ ጋገራ በኋላ ምጣዱ እንደጋለ መጠቀም መብራትም ማገዶም ይቆጥባል። እዚህ ላይ አንድ የባለሙያ ስጋት አለ፤ ተገቢም ነው። የዓሣ ሽታና ጨዋማ መረቅ የነካው ምጣድ በማግሥቱ እንጀራውን ይይዛል፤ ሽታውንም ለእንጀራው ያካፍላል። ስለዚህ ጥቅሉ በቀጥታ በምጣዱ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ በጠፍጣፋ ሰሃን ወይም በቆርቆሮ ትሪ ላይ ሆኖ ቢገባ ይመረጣል። ደቂቃው ይጨምር እንደሆነ እንጂ ምጣዱ ይተርፋል።

መብሰሉ የሚታወቀው አንዱ ጥቅል ተከፍቶ ዓሣው በሹካ ሲነካ በየቅጠሉ የሚላቀቅና መካከሉ ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ ከሆነ ነው። ጥቅሉ ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ፊትና እጅ የሚያቃጥል በመሆኑ መጀመሪያ ከራስ በራቀው በኩል መክፈት ያስፈልጋል። ጋገራው ሳይጠናቀቅ መብራት ቢጠፋና ቶሎ ባይመለስ ጥቅሉን በምጣዱ ላይ ትቶ እስከ ማታ መጠበቅ አደገኛ ነው። ግማሽ የበሰለና የሞቀ ዓሣ ለተህዋስያን የሚመች ምግብ ስለሆነ ወደ ከሰል ወይም ወደ ጋዝ ምድጃ ማዛወር ይገባል። ቁርጥ ሥጋ የለመደ ሰው ትንሽ ጥሬ ቢሆን ምን አለበት ሊል ይችላል። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፉ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩበት ስለሚችሉ እዚህ ላይ ቁርጥን ምሳሌ ማድረግ አይበጅም።

ዓሣን በጾም የማይመገብ ቤተሰብም ከዘዴው ተጠቃሚ ነው። የሰሜን ሸዋ ወጥ ቤት ለዚህ የራሱ የሆነ ጥበብ አለው። የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዓሣ ቅርጽ ከተዘጋጀ በኋላ በዘይት ተጠብሶ በወጥ የሚሠራው የሽምብራ ዓሣ ከዐቢይ ጾም ምግቦች የታወቀው ነው። በዘይት ከመጥበስ ይልቅ የተዘጋጀውን ቅርጽ ዘይት ቀብቶ ከአትክልቱ ጋር ጠቅልሎ መጋገር ይቻላል፤ ሆኖም ውጩ ደረቅና ቀላ ያለ አይሆንም። ከዚህ የሚሻለው ሙሉ በሙሉ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም እንጉዳይ በዚያው የዝንጅብልና የሰሊጥ ቅመም መጠቅለል ነው። ሽምብራው አስቀድሞ መቀቀል አለበት፤ በ91 ዲግሪ እንፋሎት በ20 ደቂቃ የሚበስል ጥሬ ሽምብራ የለም። የቢ12 ጉዳይ ግን በሽምብራ አይፈታም። ረዥም ጾም የሚጾሙ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በዚህ ረገድ ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይኖርባቸዋል።

በ2015 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጎን ለጎን ዓሣንም እንዲጠቅም ተደርጎ መታሰቡ ይታወቃል። በየወረዳው ኩሬ ተቆፍሮ ጫጩት ዓሣ ሲጨመር ስለ ምርቱ ብዙ ይባላል፤ ዓሣው ከኩሬ ከወጣ በኋላ በየትኛው ድስት እንደሚገባ የሚባለው ግን ትንሽ ነው። መረሬ አፈር ውሃ አያሳልፍምና ለኩሬ ይመቻል፤ የደጋው ቅዝቃዜ ግን ሞቃት ውሃ ለሚወደው ቆሮሶ ዕድገቱን ያዘገየዋል። ኩሬ ለመቆፈር የሚያቅድ ጽሕፈት ቤት ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

በጥቅሉ ሥር የሚቀረው መረቅ የሚደፋ አይደለም። የዓሣው፣ የዝንጅብሉና የሽንኩርቱ ጣዕም ያለው በእርሱ ነው፤ በእንጀራም በሩዝም ይበላል። ያገለገለው ፎይል ግን ሽታውና ጨው ያለበት መረቅ ከብቶችን ስለሚስብ ግቢ ውስጥና በየመንገዱ መጣል የለበትም። በሬ የዋጠው የብረታ ብረትና የፕላስቲክ ቁራጭ በጨጓራው ውስጥ እንደሚከማች የእንስሳት ሐኪሞች ዘወትር የሚያዩት ነው። ታጥቦና ተጨምድዶ ከቆሻሻው ተለይቶ ይቀመጥ። ኮባው ግን ታጥቦ ለከብቶቹ ሊሰጥ ይችላል።